ቁጭ በል የተባለ ሰው

ከፍያለው ቂም አይረሳም። በስደት በሚኖርባት በፊቲያ ሰፈር የሚያውቀው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሱም አይክድም። ከሃያ ዓመት በፊት፣ የሰፈሩ አበሾች ማኅበር አዳራሽ እንዴት ይታደስ ተብሎ ሰው ሲሰበሰብ፣ አንድ ሐሳብ ሊሰጥ ብድግ ቢል፣ ሊቀመንበሩ ኢንጂነር ይግዛው በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየውና «አንተ ቁጭ በል፤ ይሄ የተማረ ሰው ጉዳይ ነው» አለው። ሰው ሳቀ። ከፍያለው ተቀመጠ። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ምን ይላል? ያቺ ወንበር ግን እስከ ዛሬ ትቆረቁረዋለች።

የሰው ቢሮ ሲጠርግ ኖሮ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ ቬሊንግቢ አካባቢ ያለ ኮምቩክስ ገባ፤ መንግሥት ጎልማሳን በነፃ የሚያስተምርበት ቤት ነው። የመረጠው ሙያ ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ ስትገባ ከመቀመጫው ተነሳ። ከእሱ በቀር የተነሳ አልነበረም፤ እዚህ አገር ለአስተማሪ አይነሱም። ገና በግማሹ እንደተነሳ ፊቷን አየ። ሶሲ ናት፤ የይግዛው ልጅ! ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ከፍያለው?» አለችው በአማርኛ።

«ይመስገን» አለ ወደ መስኮቱ እያየ።

እጁ ግን ትምህርቱን ወደደ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለግንበኛ ሲሚንቶ ሲያቀብል ኖሯል፤ ቱምቢና ውሃ ልክ ከሩቅ ያውቃል እንጂ ማን አስነክቶት! እዚህ «አትንካ» የሚለው አልነበረም። ቆርጦ ቢያበላሽ ሌላ ይሰጡታል፤ ቢጠይቅ ይመልሱለታል። ማታ ባቡር ውስጥ በሲሚንቶ የነጡ ጣቶቹን ሳይደብቅ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይሄድ ጀመር።

ፈተናው አንዲት ጠባብ ሻወር ቤት ነበረች። ግድግዳውንና ወለሉን አንጥፎ ሲጨርስ ሶሲ አንድ ባልዲ ውሃ ትደፋለች። ውሃው ሁሉ ወደ ማፍሰሻው ከወረደ የሙያ ወረቀቱን ያገኛል፤ ካልወረደ አያገኝም። ሶሲ ደፋች። ውሃው ወረደ፣ ወረደ፤ ጥግ ላይ መዳፍ የምታክል ኩሬ ቀረች።

«ይፈርሳል» አለች።

«ለዚች ጠብታ?»

«ይቺ ጠብታ ናት የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ የምታበሰብሰው፣ ጋሼ።»

ያ ሁሉ ዘመን ግንፍል አለበት። «የአባትሽን አፍ ነው ይዘሽ የመጣሽው! እሱ ቁጭ በል አለኝ፤ አንቺ ደግሞ አፍርስ በይኝ! ሰው ማዋረድ የቤታችሁ ሙያ ነው!»

አማርኛ የማይሰማው ተማሪ ሁሉ ዘወር ብሎ አየ። ሶሲ ባልዲውን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ እኔን ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ? ለሰው ሁሉ ‹ልጄ ኢንጂነር ናት› ነው የሚለው። ሴራሚክ ታነጥፋለች ለማለት ያፍራል። እኔም የተማርኩት እዚሁ ቤት ነው። እኔን ሁለት ጊዜ አስፈርሰውኛል፤ እርስዎ ገና በአንዱ ነው የሚጮኹት?»

ከፍያለው መዶሻውን አነሳ። የገዛ እጁን ሥራ ጥርሱን ነክሶ አፈረሰው። በሌላው ሳምንት እንደገና ውሃ ተደፋ፤ ስሙ እንደተጠራ ሰው፣ ጠብታ ሳይቀር ወደ ማፍሰሻው ሄደ።

«አለፉ» አለች ሶሲ። ከፍያለው ውሃው ካለቀም በኋላ ቆሞ ማፍሰሻውን ያይ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ ማኅበሩ እንደ ልማዱ የዓመቱን ተመራቂዎች በአዳራሹ ሰብስቦ አከበረ። ይግዛው ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ በማይክ ስም ይጠራል። አንድ ሐኪም ተነሳ፤ አንዲት የሕግ ምሩቅ ተነሳች፤ ተጨበጨበ።

«ሌላ የቀረ አለ?»

ይህን ሲል በሩ ተከፈተና ሶሲ የሥራ ሱሪዋን እንደለበሰች አርፍዳ ገባች። ከፍያለው ከኋላ ወንበር ብድግ አለ። አሁን በግማሽ አይደለም።

«አንተ ደግሞ ምንድን ነህ?» አለው ይግዛው።

«እኔም ተመርቄያለሁ፤ ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። የተነሳሁት ግን ለሌላ ነው። አስተማሪዬ ገባች። አስተማሪ ሲገባ ቁጭ አይባልም፣ ኢንጂነር።»

«የኛ ሶሲ ሴራሚክ ታስተምራለች እንዴ?» አሉ ከፊት የተቀመጡት አሮጊቷ ወይዘሮ አክበረት። «ታዲያ የኔ ሻወር ቤት ውሃ ሲያቁር ዝም ትሉኛላችሁ!» ሳቅ ሆነ። እሳቸውም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፤ ከዚያ ወጣቶቹ፤ ከዚያ ሌላው።

ይግዛው ብቻ ተቀምጦ ቀረ። ከፍያለው ያን ሁሉ ዓመት ለእሱ ያስቀመጠው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ሶሲን አየና ዋጠው።

ወንበር ተንቋቋ። «ልጄ ናት» አለ ይግዛው ቆሞ፤ «ወለል ታነጥፋለች። ሌላውንም ታስተምራለች።»

ከፍያለው ያን ቀን ማንንም ይቅር አላለም፤ ቂሙን ያውቀዋል። ግን ሶሲ ቦታ አግኝታ እስክትቀመጥ ድረስ አልተቀመጠም።