የአባት ስም

«ፋየርፋይተር ደጀኔ» አለች ሴትዮዋ ከስልኩ ውስጥ።

«አቤት» አሉ አቶ ደጀኔ፤ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው።

ኒው ሆፕ ከተማ ባለው አፓርታማቸው ለሦስተኛ ቀን ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ስልኩን የያዘው ፈረንጅ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው አለቃ፣ ደነገጠ። ከሰሜን፣ ካውንቲ ከሚሉት ከአንድ የሐይቅ ዳር ወረዳ ሦስት ሰዓት ነድቶ የመጣው ወግ ሊያደርስ ነበር፤ በሥራ ላይ የሞተ ባልደረባቸው ስሙ ሦስት ጊዜ ከጣቢያው ይጠራል፣ መልስ ሲጠፋ ይሰናበቱታል።

«መቅሊት፣ ይሄ ሰውዬ እኔን ነው እንዴ የሚቀብረኝ?» አሉ ልጃቸውን።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ የሚጠሩት በላስት ኔም፣ በአባት ስም ነው።»

«የሞተው ሰረቀብርሃን ነው። እኔማ ይኸው ተጎልቻለሁ።»

ሰረቀብርሃን ለሆቴል ሥራ ወደዚያ ሄዶ ነው በጎ ፈቃደኛ የእሳትና የነፍስ አድን ሠራተኛ የሆነው። በደወለ ቁጥር ወሬው የካውንቲው ታሪክ ነበር፤ ድሮ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ሲቃጠል ሴቶቹ ከሐይቁ በባልዲ እየተቀባበሉ እንዳጠፉት፣ የእሳት አደጋ አገልግሎቱም ከዚያ እንደተጀመረ፣ በሥራው ላይ የሞቱ ሰዎች ስም ጣቢያው ግድግዳ ላይ እንደተቀረጸ። «ለሰው አገር ታሪክ ማን ወከለህ?» ይሉት ነበር አባቱ። «የሚሰምጥ ሰው አገሩ አይጠየቅም» ይላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ላይ የረጋው በረዶ ቆመውበት ሳለ ከተሰበረባቸው ዓሣ አጥማጆች ሁለቱን አወጣ። ለሦስተኛው ተመልሶ ገብቶ በዚያው ቀረ።

«ግድግዳው ላይስ ማን ተባለ?» አሉ አቶ ደጀኔ።

አለቃው ፎቶውን አሳያቸው። ደጀኔ ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የልጄን አብራችሁ ቀበራችሁት። ስድስት ዓመት አብሯችሁ ሲበላ ማን እንደሚባል አልጠየቃችሁም?»

መቅሊት ቃል ሳታስቀር ተረጎመች። የሰውዬው ፊት ቀላ። «ስሙ ይረዝምብን ነበር» አለ።

«ዕድሜው ማጠሩ አይበቃም? ስሙንም ታሳጥሩት?»

የሚያባብላቸው ሰው አልነበረም፤ እውነታቸውን ነዋ። አለቃው ኮፍያውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጽሑፉም እንደገና እንደሚቀረጽ ቃል ገባ። ስሙን መቅሊት ቆራርጣ ጻፈችለት፤ እሱም የጣቢያዋን ሴት በስልኩ አስጠናት።

«ሰረቀ... ብርሃን ደጀኔ» አለች እየተንተባተበች። ደግማ ስትጠራው ተቃናላት። ሦስተኛውን ጥሪ ሲሰሙ አቶ ደጀኔ «አቤት» እንዳያመልጣቸው በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ግጥም አድርገው ያዙ።