ጠመንጃ የሌለበት ለቅሶ

ያለምወርቅ ሙሾ ስታወርድ ያልሰማ ሰው ለቅሶ አየሁ አይበል። ከቁይ እስከ አማኑኤል ስመ ጥር ሰው ሲሞት በቅሎ ይላክላት ነበር። ሌላው አገር የሚወደው አዝማሪ ይኖረዋል፤ እኛ የምንወዳት አልቃሽ ነበረችን። «እሷ ሳታለቅስልኝ አልሞትም» እየተባለ ይቀለዳል። ከቀላጆቹ ሁሉ የባሰው የእኔው ባል ደምለው ነበር፤ እሱስ የምሩን ነው።

ፍቅሩ የጀመረው በአባቱ ለቅሶ ነው። ባገራችን ወግ የሟች ጠመንጃ ከልብሱ ጋር ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል። ሙሾ አውራጇ እጇን ስትዘረጋ የሟች የቅርብ ዘመድ ጠመንጃውን ያቀብላታል፤ እሷም ከፍ አድርጋ ይዛ የሰውየውን ጀግንነት ታወርዳለች። ያለምወርቅ የአማቴን የኃይለ ሚካኤልን ውጅግራ ጠመንጃ ይዛ ያለችውን ደምለው ሞፈር ሲጠርብም በሬ ሲፈታም ያንጎራጉረው ነበር። የጠመንጃው ሰደፍ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ግን እኔም እንድነካው አይፈልግም፤ ራሱ ይወለውለዋል፣ ራሱ ይሰቅለዋል።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ መሣሪያ አስረክቡ ብሎ ሲያውጅ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። ጎጃሜን ጠመንጃህን ስጥ ማለት ሚስትህን ስጥ ማለት ነው፤ እንዲያውም ጠመንጃው ሚስቱን ሳይቀድም አይቀርም። ሹሞቹ ለፈፉ፣ ነጋሪት ተመታ፣ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ይህን ጊዜ ነው በቅዳሜ ገበያ ያለምወርቅን ከጣልያኑ መኮንን ጎን ድንጋይ ላይ ያቆሟት።

ለለቅሶ እንደምትለብሰው ነበር የለበሰችው። ያንኑ አንጀት የሚበላ ድምጿን አውጥታ፦

ይብቃኝ የእናት እንባ፣ ይብቃኝ የሞት ዜማ፤
ጠመንጃህን ስጥና ግባ ከከተማ

አለች። ከዚያ በተራ ንግግር፣ አዲሱ መንግሥት መሐሪ ነው፣ መሣሪያውን ያስረከበ አርሶ በሰላም ይበላል ብላ ከድንጋዩ ላይ ወረደች።

ከዚያ በኋላ ሸማችም ሻጭም የለም፣ ሁሉም እሷን ማውራት ሆነ። ወንድሟን አስረውባት ነው ያለ አለ፤ በቅሎ ተሸልማ ነው ያለ አለ። በርበሬ ሻጯ ወለተ ኪዳን ከእንግዲህ ልጄ ቢሞት እንኳ አልጠራትም ብላ ከበርበሬዋ ላይ ተንሰቀሰቀች። ጨው ነጋዴው ሐምዱ ደግሞ፣ እኔ ጨው ስለሸጥኩ ወጥ ሁሉ በእኔ ይቀመሳል ወይ፣ ሙሾዋን ታውርድ እንጂ ስለ ጠመንጃ ማን ጠየቃት አለ። የሚወዷት ግን ይብሱን ወደዷት። የስንቱን ሬሳ ያየች ሰው ካልመከረችን ማን ይምከረን ይሉ ነበር። ለምን እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልደከምኩም።

ደምለው ቤት ገብቶ ውጅግራውን ከተሰቀለበት አወረደ። ጎረቤታችን ታረቀኝ የራሱን በእህል ጉድጓድ እንደቀበረ ነገርኩት፤ አንተም ቅበር አልኩት። ለመንኩት፣ ተሳደብኩ፣ በሩ ላይም ቆምኩ።

«ሥራነሽ፣ የሞትን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም» አለኝ። «እመት ያለምወርቅ አባቴን ያለቀሱ ሰው ናቸው። አይዋሹኝም።»

ጠመንጃውን ቅቤ ቀባው። ለሠርግ የሚሄድ ይመስል ነጭ ልብሱን ለብሶ ወሰደው። ሲመለስ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር፤ በየጊዜው ትከሻውን ይዳስሳል። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

ክረምቱ ሳይገባ ባንዶች ለጦሩ ሥጋ የሚሆን ከብት ሊነዱ መጡ። ታረቀኝ ጠመንጃውን ከጉድጓድ አውጥቶ ጫካ ከገባ ሰንብቷል። ደምለው የአንዱን በሬ ገመድ ይዞ፣ ሌላውን ውሰዱ፣ ይህን ለእርሻ ተዉልኝ አለ። አስረክቤያለሁ፣ ሰላማዊ ሰው ነኝ እያለ ይምላል። ባንዳው ብዙም አልተከራከረውም። ጠመንጃውን ሲያነሣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ሰደፉ ላይ የመዳብ ሽቦዬን አየሁት፣ ቋጠሮው እንኳ አልላላም። ደምለውም ያየው ይመስለኛል፤ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ባንዳው ተኮሰ።

ለቅሶው በማግስቱ ሆነ። ያለምወርቅን እኔ አልጠራኋትም፤ ወንድሞቹ በቅሎ ላኩ፣ ቃሉ ነው ብለው። በቅሎዋ ብቅ ስትል እንኳን ደህና መጡ ያለ አልነበረም። ወለተ ኪዳን ጀርባዋን ሰጠቻት። ያለምወርቅ ግን ሰው መሐል ገባችና ዓይኗን ጨፍና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው እንደኖረችው፣ እጇን ዘረጋች።

ጠመንጃ ፈልጋ ነው። ረስታዋለች።

ማንም አልተነቃነቀም። ዓይኗን ገልጣ ከነጭ ልብሱ በቀር ምንም እንደሌለ ስታይ እጇ አየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ጠጋ አልኳት።

«ስጥ ብለውት ሰጥቷል፣ እመት» አልኳት። «ትናንት በዚያው ጠመንጃ ተገደለ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትሄድም፣ በድንጋይ እንዲሸኟትም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ባዶ እጇን እንደዘረጋች ጀመረች፦

በሬውን አልለቀቀም ገመዱን እንደያዘ፤
ደምለው ባዶ እጁን ሩቅ አገር ተጓዘ

መጀመሪያ የተቀበላት የለም። ደገመችው። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ዋይ አለ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ኋላ ሜዳው በሙሉ። ወለተ ኪዳን እንኳ ዞራ ደረቷን መታች። ድምጿ ያው የድሮው ነበር፣ ምንም አልጎደለውም። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር፤ ሦስተኛውን ስታወርድ አመለጠኝና ከሁሉም በላይ ጮኼ ተቀበልኳት።

ደምለው እንደተመኘው እሷው አለቀሰችለት፤ እኔንም አስለቀሰችኝ። ይህን ነው ይቅር የማልላት።