ሐረጎን የወጣችው ዲኤክስ

እህቴ ዓፊያ ባሏን በድሩን የምታማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ መኪናውን ይወዳል እያለች። መኪና ካልናት ነው እንግዲህ። ከሁላችንም ቀድማ የተወለደች፣ የኋላ በሯ በገመድ የሚታሰር አሮጌ ዲኤክስ ናት።

ግን ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። አምና ዓፊያ ምጥ ጸንቶባት ከከሚሴ ወደ ደሴ ሲወስዳት፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈላና ቆመ። ሌላ መኪና ለምነው ሲደርሱ ሕፃኑ ሞቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በድሩ "እኔ ነኝ የገደልኩት" ይላል። ሳያለቅስ ለሞተ ሕፃን ደግሞ በእኛ ሰፈር ለቅሶ አይቀመጡም። ቀበርነው፤ በማግስቱ ሰው ሁሉ ወደ ገበያው ሄደ።

ዓፊያ እንደገና ስታረግዝ ሰውዬው አበደ። ሌላ መኪና መግዣ ስለሌለው ያለችውን ማጎልበት ያዘ። ውሃው ሳይታገድ ይዙር ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለ። ከወዳደቀ መኪና ሰፋ ያለ ራዲያተር ፈትቶ ገጠመላት። ድምፅ የሚያፍነውን የማርሚታውን ሆድ አስቆርጦ ቀጥ ያለ ቱቦ አስበየደ፤ ጭሱ ቶሎ ከወጣ ጉልበት ታገኛለች አለ። ጉልበቱን እንጃ፣ ድምፁ ግን ጨፋ ሮቢት ድረስ ይሰማል እያልን ቀለድንበት። የሰፈሩ ሴቶችማ "ከደሴ ስትመለሱ ከሩቅ ሰምተን በእልልታ እንወጣለን" ብለው ተስማሙ።

ቀኑ ደረሰ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ሐረጎን፣ ወላሂ፣ ሜዳ አደረገችው። በድሩ መሪውን እየሳመ ያለቅስ ነበር። ዓፊያ በምጧ መሀል ሳቀችና "ሱታ በድሩ፣ ቀስ በል" አለችው።

ደሴ ስንደርስ ሐኪሟ ደጋግማ መረመረቻት። የልጁ ልብ ቆሟል፤ ከቤት ሳንነሳ፣ ምናልባትም ከትናንት ጀምሮ።

"ፈጥነን እኮ ነው የመጣነው" አላት በድሩ።

"አዎ፣ ፈጥናችኋል" አለችው።

በማግስቱ ዓፊያ ሕፃኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋ ተመለስን። ወደ ሰፈር ደውሎ ለመንገር አንዳችንም አልደፈርንም። ከሚሴ መግቢያ ላይ በድሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶም መግፋት ጀመረ። ገባኝ። እኔም ወርጄ ከጎኑ ገፋሁ። በዚያ ፀሐይ ሁለት ጎልማሶች ደህናዋን መኪና እንገፋለን።

አንድ ባለባጃጅ አጠገባችን ደርሶ "ኦቦ በድሩ፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?" አለ። መግፋታችንን ቀጠልን።

ዓፊያ መስኮቱን አወረደች። "አስነሣት" አለችው።

"ሴቶቹ ይሰማሉ፣ ዓፊያኮ። እልል ይላሉ።"

"ይበሉ። የፊተኛውን በዝምታ ቀበራችሁብኝ። ይሄም ልጄ ነው። ሲመጣ ይሰማ።"

በድሩ ቁልፉን አዞረ። ገና ሰፈሩ ሳንደርስ እልልታው ተቀበለን። ዓፊያ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ከፍ አድርጋ በመስኮቱ ታያቸው ነበር። ሴቶቹ ቀርበው ፊቷን እስኪያዩ ድረስ እልልታቸውን አላቆሙም።