ሽማግሌ የጠፋበት ሽምግልና

ኦባማ በተመረጠ ሰሞን ነው። በዚያው አገር፣ በአንድ ትልቅ ከተማ ዳር የምትኖረው የሪቻርድሰኗ ኡምሰልማ ክሊኒክ ውስጥ ስልክ እያነሳች፣ በትርፍ ጊዜዋ የወሎ ልጆች የቴአትር ቡድን ትመራ ነበር። በከተማው ሌላኛው ዳር ያለው የግራንድ ፕሬሪው ክፍሉ ደግሞ ትራክ እየነዳ የቤተክርስቲያኑን የድራማ ቡድን ይመራል። ሁለቱም ነን-ፕሮፊት፣ ትርፍ የማያውቁ፣ ሁለቱም አዳራሽ የለሽ።

የከተማው የጥበብ ቢሮ ሴትዮ፣ "አዳራሽ በነጻ የምንሰጠው ተጣምሮ ለሚሠራ ነው" ስትላቸው ተጣመሩ። ቴአትሩ ስለ ሽምግልና ነው፤ አንዱ ቡድን የልጅቷ ቤተሰብ፣ ሌላው የልጁ ሽማግሌዎች። ሃይዌዩ ስለሚያስመርር በየሰፈራቸው ሊለማመዱ ተስማሙ።

"ሶ፣ ልጅቷ በእኛ በኩል ናት፣ አይደል?" አለች ኡምሰልማ በስልክ።

"አዎ፣ በእኛ በኩል! ኦኬ፣ አታስቢ" አለ ክፍሉ፣ በትራኩ ጩኸት መሃል።

ኡምሰልማ ደስ አላት። ለማኝ መሆን አትወድም፤ ተለማኝ መሆን ግን ያምርባታል።

በዕለቱ መንገድ ተዘጋግቶባት፣ ቡድኗን በቀኝ በር አስገብታ በጥድፊያ ቦታ አስያዘች። መጋረጃው ተከፈተ። በስተግራ ክፍሉ ጋቢውን ደርቦ፣ ሙሽሪትን አጠገቡ አስቀምጦ ተኮፍሷል።

ሁለቱም ወገን በሩን በሩን ያያል።

"እንግዶቹ ምነው ዘገዩ?" አለ ክፍሉ ላብ እያጠመቀው።

"እኛም እየጠበቅን ነው" አለች ኡምሰልማ።

"ታዲያ ማነው የሚጠይቀው?" ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የኡምሰልማ ፊት ጋለ። አንድ ወር ሙሉ የተለማመደችው መግደርደር ነበር። ክፍሉ ግን እንደማይነሳ ገባት። የልጅቷን አባት የሚጫወተውን ሙዓዊያን በክንዱ ጎትታ አስነሳችው።

"ና፣ ሽማግሌ ሆነሃል።"

"እኔ እኮ አባት ነኝ!"

"ቅድም ነበርክ።"

ተሻግረው ቆሙ። "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አለች ኡምሰልማ።

ክፍሉ ተመቸው። "ልጃችሁ የታለ?"

"ኤርፖርት ነው፤ በታክሲው ወረፋ ይዟል" አለችው።

ከተመልካቹ መሃል ያሉት የታክሲ ነጂዎች ወንበር እየደበደቡ ሳቁ።

"አስበን እንነግራችኋለን" አለ ክፍሉ እየተጀነነ።

"እናስ?" አለ ሙዓዊያ በንዴት፣ "የእኛን ልጅ ማን ይጠይቃት? ወንድ የላችሁም?"

ጭብጨባው ክፍሉን አላስቀምጥ አለው። ጋቢውን አስተካክሎ፣ ኡምሰልማ ተመልሳ ወንበሯ ላይ እስክትደላደል ጠብቆ፣ ፊቷ መጥቶ እጅ ነሳ። እሷም ያጠናችውን መግደርደር አንድም ሳታስቀር ተወጣችው።

የጥበብ ቢሮዋ ሴትዮ አንድ ቃል ሳይገባት ቆማ አጨበጨበች፤ "ሁለቱም ወገን መለመኑ እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!" ብላ አዳራሹን ለሚቀጥለው ዓመት ፈቀደችላቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ክፍሉ፣ "ማለቴ፣ ከአሁን በኋላ አብረን እንለማመድ" አለ።

"ልምምዱ አዲሰን ሰፈር ይሁን" አለች ኡምሰልማ።

"አዲሰን እኮ ላንቺ ቅርብ ነው!"

"ለምነኝና ራቅ አደርገዋለሁ።"