የእትዬ ውባንች ግቢ ወለል

ዋልካ አፈር የማንንም ጥበብ አይፈራም። በበጋ ተሰንጥቆ የሰው እግር እስከ ጉልበቱ ይውጣል፤ በክረምት አብጦ የቤት ምሰሶ ያነሣል። ይህን ከሸሕዲ እስከ መተማ የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማናውቀው እኛ ነበርን፤ ከደጋ ወርደን ቆላን ልናስተምር የመጣን።

እትዬ ውባንች ኮኪት ውስጥ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ያበስሉ ነበር። ዋናው መተዳደሪያቸው ግን ወጡም እንጀራውም ሳይሆን ግቢያቸው ነው። በዚያ ቆላ በአጨዳ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚተኛ የታመመ ሰው ብቻ ነው፤ ጤነኛው ደጅ ይተኛል። ሟች ባላቸው በንጉሡ ጊዜ ከበሩ እስከ ጓሮ ሲሚንቶ ያፈሰሱበት ሰፊ ግቢ ስላላቸው፣ አጫጆቹ ማታ ማታ ጆንያቸውን እዚያ ላይ አንጥፈው ይተኙ ነበር። እዚያ የተኛም እዚያው ይበላል።

ሲሚንቶው በዓመታት ተሰነጣጠቀ፤ ፊቱም እየተላጠ አሸዋ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከስንጥቁ የወጣ ጊንጥ አንድ የላስታ ልጅ ነደፈ። ልጁ ሦስት ቀን ሲጮኽ ሰንብቶ ተረፈ። የአርባ አጫጆች አለቃ የሆነው ደምለው የሚባል የጋይንት ሰው፣ አጨዳው አልቆ ሲሰናበታቸው እንዲህ አላቸው፦

«እትዬ ውባንች፣ እንጀራዎ ያጠግባል፤ ግቢዎ ግን ሰው ይበላል። ለመጪው መስከረም ካላስተካከሉት በደጅዎ አናልፍም።»

ደምለው የሄደበትን ሌላው አጫጅ ይከተላል። ልጅ የሌላቸው፣ መሬት የሌላቸው መበለት ያ ግቢ ባዶ ከቀረ በምን ይኖራሉ? እሳቸው ይህን ጥያቄ ለማንም አላነሡም፤ የጠየቁት ጭቃና እበት ብቻ ነበር። እናታቸው ደንቢያ ላይ አውድማ እንደሚለቀልቁት አድርገው ስንጥቁን ሁሉ በእበት፣ በጭድና በጭቃ ደፈኑት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ምስጥ ከሥር ወጥቶ ጭዱን በላውና ስንጥቁ ከበፊቱ ሰፍቶ ተገኘ።

«ለምስጥ ግብር አበላሽ!» አለች ጎረቤታቸው ሁሪያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። ሁሪያ ወንድሞቿ ጓንግ ወንዝ ዳር ጡብ የሚተኩሱ፣ አማርኛዋ በዐረብኛ የተቀመመ ሴት ናት።

መጋቢት ላይ እትዬ ውባንች ያረጋልን አስጠሩ። ያረጋል ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ በዚያው የቀረ ግንበኛ ነው። እኔ የትምህርት ቤቱ መምህር ነበርሁ፤ ምሳዬን እሳቸው ዘንድ ስለምበላ ምክሩ ላይ ተገኘሁ። በራኩባው፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ያረጋል ወለሉን በመዶሻ እጀታ እየቆረቆረ ዞረው። አንዳንዱ ቦታ እንደ ከበሮ ይጮኻል።

«ከሥሩ ባዶ ነው» አለ። «መንገዱ ሦስት ነው፣ እትዬ። አንደኛው ስንጥቁን ሞልቶ ከላይ ሁለት ጣት ሊሾ ማልበስ ነው። ሁለተኛው ይህን ነቅሎ ጠጠር ደልድሎ እንደ አዲስ ማፍሰስ ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ከጊንጡ ጋር ሽማግሌ ልኮ መታረቅ ነው።»

«ጡብ አለ» አለች ሁሪያ ከአጥሩ ማዶ። «ከሥር አሸዋ፣ ከላይ ጡብ። እንደኔ ግቢ።»

«አሸዋ ላይ የተቀመጠ ጡብ ወለል አይባልም» አልኋት። «አገር በሲሚንቶ እየተሠራ እኛ ወደ ጭቃ እንመለስ?»

«ያ ኡስታዝ» አለችኝ፣ መምህር ሆይ ማለቷ ነው፤ «አገሩን ተወው። አሁን የሚሠራው የእሷ ግቢ ነው።»

በማግስቱ ለሲሚንቶ ፈቃድ ጎንደር ወጣሁ። በዚያ ዘመን ሲሚንቶ ያለ ፈቃድ አይገኝም፤ ፈቃዱም ለመንግሥት እርሻና ለማኅበራት ነው። የፈቃድ ቢሮው ጸሐፊ ማመልከቻዬን በአንድ ጣቱ ገፋልኝ።

«የግል ግቢ ነው፣ ጓድ።»

«ግቢው የግል ነው፤ የሚተኛበት ማን ነው? ምርት ይጨምር ተብሎ በየግድግዳው ተጽፏል። አጫጁን ጊንጥ ከነደፈው ሰሊጡን መፈክሩ ያጭደዋል?»

ጸሐፊው ወደ በሩ አየ፤ የሰማ ሰው እንደሌለ አረጋግጦ፣ «ይህን አፍህን ይዘህ እዚህ ድረስ በሰላም መድረስህ ይገርማል» አለና አምስት ኩንታል ጻፈልኝ። እንደ ድል አድራጊ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና ኮኪት ገባሁ።

አንደኛው መንገድ፣ ሊሾው፣ ተመረጠ፤ ያረጋል ግን ሁሉንም ከማልበሱ በፊት አንድ ጥግ ልሞክር አለ። ደጋ ላይ ግንበኛ ብርዱ ሳይለቅና ፀሐይ ሳትሞቅ እጁን ውሃ ውስጥ አይከትም። ያረጋልም በለመደው ሰዓት፣ ረፋድ ላይ አቡክቶ ቀትር ላይ ጨረሰ። ሚያዝያ ነው፤ ወለሉ ላይ ባዶ እግር አይቆምም። ሊሾው ከእጁ ሥር ደረቀ። አሥር ሰዓት ላይ ስናየው ፊቱ የሸረሪት ድር መስሏል፤ በጥፍር ሲጭሩት ይረግፋል።

«ሲሚንቶው የተበላሸ ነው» አልሁ።

«ሲሚንቶው ደኅና ነው፣ መምህር» አለ ያረጋል በትካዜ። «ውሃውን ፀሐይ ቀድማኝ ጠጣችው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁለተኛውን ጥግ ጎህ ሲቀድ ሠራው። አሮጌውን ወለል አስቀድሞ በውሃ አራሰው፤ ሊሾውን አልብሶ ፀሐይ ሳትወጣ በረጠበ ጆንያ ሸፈነው። ሰባት ቀን ጆንያው ሳይደርቅ መቆየት አለበት አለ። በዚያ ወር ውሃ ከወንዝ በአህያ ነው የሚመጣው። እትዬ ውባንች ለመጠጥ እየቆጠቡ ጆንያውን ጠዋትና ማታ አጠጡት፤ ሥራውም ፈጽሞ አላስመረራቸውም። ባሏ የታመመባት ሴት እንደምታስታምም በዝግታ፣ በጥንቃቄ ያጠጡት ነበር።

በስምንተኛው ቀን ጆንያው ተነሣ። ሊሾው እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሶ፣ አንድ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሳይኖርበት ወጣ። ያረጋል በመዳፉ ዳበሰው። እኔ ግን ተጣራሁ።

«ሁሪያ! ነይና እዪ!»

መጣች። ሊሾውን አላየችውም። ጎንበስ ብላ ወለሉና አፈሩ የሚገናኙበትን ጠርዝ በጣቷ ቆፈር ቆፈር አደረገች።

«ሰባት ቀን ያጠጣችሁት ውሃ የት ገባ?» አለች።

«ተነነ።»

«ተማም፣ ደኅና። እንግዲህ ሦስት ቀን ቆዩ።»

ሦስት ቀን አልፈጀም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ውባንች ሳይጮኹ፣ «መምህር፣ ና እስኪ» አሉኝ። ሊሾው ከመካከሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከሥሩ ያለው አሮጌ ወለልም አብሮት ተከፍሎ አንዱ ወገን ከሌላው በአንድ ጣት ከፍ ብሏል። ያረጋል ተንበርክኮ ጣቱን ከስንጥቁ ከተተ።

«ሥራዬ ልክ ነበር» አለ። ድምፁ የሚከራከር ሰው ድምፅ አልነበረም። «ደብረ ማርቆስ ላይ የሦስት ቤተ ክርስቲያን ወለል ሠርቻለሁ። አንዱም እንዲህ አላደረገኝም።»

«ማርቆስ ከሥርህ ድንጋይና ቀይ አፈር ነው» አለች ሁሪያ፤ ሳቅ አልነበረባትም። «እዚህ ከሥርህ ዋልካ አለ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲጠማው ይሸሻል። በጠርዙ የገባውን ውሃችሁን ጠጥቶ ነው የተነሣው። ጥሩ አድርገህ በሠራኸው መጠን ይብስበታል፤ አንድ ወጥ ነገር ካለበስከው ይሰብረዋል። ጡብ ግን ብዙ ነው፤ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል።»

«ወፍራም አድርጎ በብረት ማፍሰስ ነው እንጂ!» አልሁ። «ጠጠሩን አንድ ክንድ...»

እትዬ ውባንች ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ምድሩ እንዳያብጥ ልትከለክለው ትችላለህ?»

«እኔ... አልችልም።»

«እንግዲያው አሁን ዝም በል፣ ልጄ።»

በሱዳን በኩል ደመና መቋጠር ጀምሮ ነበር። ዝናቡ አንዴ ከጣለ ከጓንግ የሚመጣው መንገድ ጭቃ ሆኖ እስከ ጥቅምት ትራክተር አያሳልፍም። ጡቡ በዚያ ሳምንት ካልመጣ ዘንድሮ አይመጣም፤ ከመጣ ደግሞ ያለው ወለል መፍረስ አለበት፤ ፈርሶ ካላለቀም ደምለው የሚያገኘው ከበፊቱ የባሰ ግቢ ነው። እትዬ ውባንች ባላቸው ያፈሰሱትን ሲሚንቶ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በእግራቸው ዞሩት። ከዚያ ያረጋልን «ስበረው» አሉት።

ያረጋል በትልቅ መዶሻ ሰበረው። ስባሪውን አድቅቆ ከሥር ጠቀጠቀው፤ በላዩ አንድ ስንዝር የወንዝ አሸዋ አለበሰ። የሁሪያ ወንድሞች ጡቡን በሁለት ምልልስ አራገፉ። አደራደሩን ሁሪያ ራሷ አሳየችው፤ አንዱ ጡብ በሌላው መጋጠሚያ ላይ እንዲያርፍ፣ ወለሉም ጎርፉ ወደ በሩ እንዲፈስ በጥቂቱ እንዲያዘቀዝቅ።

«ይህን ማርቆስ ሄደሽ እንዳታወሪብኝ» ይላታል ያረጋል።

«ምን ልልህ? ጡብ ስታነሣ ጠንቀቅ በል እንጂ፤ ሕፃን እንደ ታቀፈ ወንድ ነው የምትይዘው።»

መጋጠሚያውን በደረቅ አሸዋና ኖራ ጠርገው ሞሉት፤ ውሃ አርከፈከፉበት። የተረፈኝን ሲሚንቶ ልመልስ ጎንደር ወጣሁ። ያው ጸሐፊ፣ «የሚመልስ ሰው አይተን ስለማናውቅ የመመለሻ ቅጽ የለንም» አለኝ። ቅጽ እስኪገኝ ድረስ ሲሚንቶው ቢሮው በር ላይ ዝናብ መታው። ስለዚህ ጉዳይ ለጻፍሁት ደብዳቤም መልስ የሰጠኝ የለም።

ሐምሌ ላይ ምድሩ ጠጣ። ግቢው በአንድ ወገን እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እትዬ ውባንች ተጨንቀው ሁሪያን ጠሯት።

«ተይው» አለች፤ «እየተነፈሰ ነው።»

ጳጉሜን ላይ ያረጋል ወጣ ያሉትን ሁለት ረድፎች አንሥቶ አሸዋውን አስተካክሎ መልሶ አስቀመጣቸው። አንድ ረፋድ ብቻ ወሰደበት። ያን ጊዜ ነው ገና የገባኝ፤ ሊሾ ከተሰበረ አንሥቶ ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም።

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ደምለው አርባ ሰው አስከትሎ ከሰዓት በኋላ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ሰዎቹም ጓዛቸውን ሳያወርዱ ከኋላው ቆሙ። እትዬ ውባንች ከራኩባው ሥር ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ግቡ አላሉም።

«ይህ ምንድን ነው፣ እትዬ? ሲሚንቶው የት ሄደ?»

«ከሥር ነው።»

ደምለው ጫማውን አውልቆ ገባ። ያ ሲሚንቶ በዚህ ሰዓት እግር ይጠብስ ነበር፤ ጡቡን እሳቸው በቀትር ውሃ አርከፍክፈውበት ስለነበር ለብ ብቻ ብሏል። ጥቂት ተራመደ። ከዚያ አንገቱን ወደ መጋጠሚያው ደፋ።

«ይህ ሁሉ ቀዳዳ ነው። አንድ ስንጥቅ ድፈኑ ብል ሺህ አደረጋችሁት?»

ልናገር አፌን ከፈትሁ። እትዬ ውባንች እጃቸውን ወደ እኔ አነሡና ለደምለው መለሱ።

«በየሳምንቱ አሸዋና ኖራ እጠርግበታለሁ። ጊንጥ ኖራ አይቆፍርም ይላሉ፤ እኔ ግን እምልልሃለሁ አልልም። ማጭድ ይዘሃል አይደል? ፈልግ።»

ደምለው ተንበረከከ። የማጭዱን ጫፍ ከመጋጠሚያው እየከተተ ከበሩ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ሄደ። አንዳንድ ቦታ ጡብ ፈንቅሎ ከሥሩ ያያል፤ አሸዋ ነው፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። አርባ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጀርባውን ያየዋል። ያረጋል ከግድግዳው ተጣብቆ ጥፍሩን ይበላል። እትዬ ውባንች ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ጓሮው ድረስ ሲደርስ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

ቀና ብሎ የመጨረሻውን ጡብ በጡጫው መትቶ አስገባው፤ ሸሚዙን አውልቆም እዚያው፣ ከጓሮው በር አጠገብ ነፋስ በሚገባበት ጥግ ላይ አነጠፈው።

«ይህ ቦታ የኔ ነው» አለ። «እናንተ ምን ትገተራላችሁ? ግቡ እንጂ!»

ሰዎቹ እየተገፋፉ ገቡ፤ ለቀሩት ጥጎችም ገና ጓዛቸውን ሳያወርዱ መጣላት ጀመሩ። እትዬ ውባንች ወደ ማጀት ሮጡ፤ ለአርባ ሰው የሚሆን ወጥ አልተጣደም ነበርና።