ሃያ ኪሎ ብረት

ሰውን በኪሎ እየመዘነ «አንቺ እለፊ፣ አንተ ቅር» የሚል ሰው ቢያንስ ቢያንስ ሚዛኑን መፈተሽ አለበት። ይሄ እንኳን ሆስፒታልን ሽንኩርት ቸርቻሪንም አይጠፋውም። እዚህ ግን ጠፋ፤ ጠፍቶም ስንቱን አንከራተተ።

ሴትዮዋ በእህል መጋዘን ሚዛነኛ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆንያ ስትመዝን የኖረች። ሌላ ሙያ የላትም፣ ይሄን ሙያዋን የነካባት ሰው ግን ወዮለት። በየጠዋቱ የመጀመሪያው ጆንያ ከመውጣቱ በፊት ከጠረጴዛዋ ሥር ሃያ ኪሎውን ብረት ጎትታ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች። ሚዛኑ ልክ ሃያ ካላለ ሥራ የለም፤ የጭነት መኪናው እስከ በሩ ቢሰለፍ፣ አለቃዋ ቢንጨረጨር፣ ግድ የላትም። ተሸካሚዎቹ «ብረቱ ካልባረከን አንሸከምም» እያሉ ይቀልዱባታል።

ክብደቷ መቶ አርባ ኪሎ ነበር። በዚያ ላይ ስኳር አለባት፣ ስኳሩም ዓይኗን መንካት ጀምሯል። የዓይን ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ ስኳሩ ቶሎ ካልተያዘ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የሚዛኑን ቁጥር ማንበብ ያቅታታል። ክኒኑም መርፌውም ስኳሩን አልይዝ ሲል፣ ጨጓራ የሚያሳንሰው ኦፕራሲዮን ነው የሚያዋጣሽ ተባለችና ወደ ሆስፒታሉ ተላከች። ነርሷ መመሪያውን አነበበችላት። ቀን እንዲቆረጥላት መጀመሪያ ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን፣ ማለትም አሥራ አራት ኪሎ መቀነስ አለባት። በሦስት ወር ውስጥ መቶ ሃያ ስድስት ከገባች ጥሩ። ካልገባች ወደ ወረፋው ጭራ ትመለሳለች፣ ወረፋው ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ነው። እንግዲህ ደምሩት፤ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗ የለም።

«መቀነስ ብትችልማ እዚህ ምን አመጣት?» ብላ ታናሽ እህቷ ጠየቀች። ነርሷ ወረቀቱን ሰጥታ ቀጣዩን ጠራች።

ሚዛነኛዋ ጥርሷን ነከሰች። የተቀቀለ እንቁላል፣ ጎመን፣ ውሃ የመሰለ ሾርባ፤ በቃ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲበሉ እሷ መጋዘኑን ትዞራለች። ጉልበቷ እየጮኸ፣ ላቧ እየወረደ፣ መጀመሪያ ሦስት ዙር፣ ኋላ አሥር። ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ በሁለተኛው ወር አንዱ አብሯት መዞር ጀመረ። እህቷ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጠበበችላት። አርብ አርብ ጠዋት፣ ብረቱን ካነሳች በኋላ፣ ጫማዋን አውልቃ ራሷ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። የሦስተኛው ወር መጨረሻ አርብ ላይ ቁጥሩ መቶ ሃያ አምስት አለ። እንደ ልጅ አለቀሰች፤ እህቷም ደውላ ስትነግራት ስልኩን ይዛ አለቀሰች።

ሰኞ ሆስፒታል ሄደች። በፊት የተመዘነችበት አሮጌ ሚዛን ተነስቶ በቦታው አዲስ፣ ቁጥሩ በቀይ የሚበራ ሚዛን ተተክቷል። ወጣች። መቶ ሠላሳ አለ።

«ልክ አይደለም» አለች።

«የኔ እናት፣ ሚዛን አይዋሽም» አለቻት ነርሷ።

ለእሷ! ሚዛን አይዋሽም፣ ለእሷ! ሚዛን ሲዋሽ ስትይዝ ዕድሜዋን ለጨረሰች ሴት! ደሟ ፈላ። አርብ ዕለት መቶ ሃያ አምስት እንደነበረች፣ በሦስት ቀን አምስት ኪሎ ሊጨመርባት እንደማይችል አስረዳች። ነርሷ ፈገግ አለች፤ ያቺን፣ ወፍራም ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ፈገግታ። ቅዳሜና እሁድ ሰው እንደሚዘናጋ፣ የመጣው ሁሉ ሚዛኑን እንደሚከስ ነገረቻት። ከዚያ ካርዷ ላይ «መመሪያ አልተከተለችም» ብላ ጻፈችና፣ ለአንዴ ብቻ፣ የሁለት ሳምንት ዕድል ሰጠቻት። ሦስት ወር ሙሉ ጎመን የበላች ሴት መመሪያ አልተከተለችም!

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። አጠገቧ ከወረፋው የምታውቀው አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ግዙፍ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ድሮ መቶ ስልሳ ኪሎ የነበረ ሰው። ልቡ አስቸግሮት ነው የመጣው። ዛሬ ግን ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ባለፈው ወር መቶ አርባ ዘጠኝ፣ ዛሬ መቶ አርባ ስምንት ብለውታል፣ የሚፈለግበት መቶ አርባ አራት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የሚመዘነው በሳምንቱ ስለሆነ ከአሁን ጀምሮ ውሃም እንደማይጠጣ ነገራት።

«ተው ወንድሜ፣ ውሃ አትተው» አለችው።

«ውሃም ይመዝናል፣ እትዬ» አላት። «አራት ኪሎ ናት። ለአራት ኪሎ ደግሞ አልሞትም።»

እሷም በራሷ ነገር ስትብሰለሰል ተነስታ ሄደች። ኋላ ይሄ ነው አንጀቷን የበላው።

ቤት ገብታ ለሁለት ቀን ራሷን ተጠራጠረች። ይሄ ነው ይቅር የማይባለው! ሃያ ሁለት ዓመት ያመነችውን ሚዛኗን ትታ አፏን ጠረጠረች። ሳላውቀው በልቼ ይሆን አለች። ሾርባውንም ተወች፣ በሦስተኛው ቀን ጆንያ ስትቆጥር ዞሮባት ወደቀች። እህቷ ደርሳ ፊቷ ላይ ውሃ እየረጨች ተቆጣቻት። ሌላ ሰው ሚዛንሽን ልክ አይደለም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ ብላ ጠየቀቻት።

«ብረቱን አስቀምጣለሁ» አለች ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጠረጴዛዋ ሥር ሄደ።

በቀጠሮዋ ቀን ሁለቱ እህትማማቾች ሃያ ኪሎውን ብረት ጎማ ባለው የገበያ ዘንቢል እየጎተቱ ሆስፒታሉ በር ደረሱ። ዘበኛው ዘንቢሉን ከፍቶ አየና ምንድነው አላቸው። እህቷ ፈጠን ብላ፣ ቀጠሮ ያለው እሱ ነው አለችው። ዘበኛው ምን እንደሚል ግራ ገብቶት አሳለፋቸው።

ነርሷ «ሚዛኑ ላይ ውጪ» ስትላት ሚዛነኛዋ አልወጣችም። ብረቱን በሁለት እጇ አንስታ ሚዛኑ መሃል አስቀመጠችው። በብረቱ ላይ 20 የሚለው ቁጥር ተቀርጿል፣ ጎኑ ላይ የሚዛን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማኅተም አለ። ቀዩ ቁጥር ተንቀጠቀጠና ቆመ። ሃያ ከስምንት መቶ ግራም።

ነርሷ ሳቀች። ለስምንት መቶ ግራም ነው ይሄን ሁሉ ብረት የተሸከምሽው አለቻት። ሚዛነኛዋ ብረቱን አንስታ መለሰችው። ያው። ሦስተኛ ጊዜ። ያው።

«ስሚ እህቴ» አለቻት፤ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ጆንያ እንደምትቆጥርበት ቃና። «በሃያው ስምንት መቶ ከጨመረ በመቶው አራት ኪሎ ነው። በእኔ ላይ አምስት። ከእኔ በሚበልጠው ላይ ከዚያም በላይ። ሰውየው በወፈረ ቁጥር ሚዛንሽ አብዝቶ ይዋሽበታል።»

የነርሷ ፊት ተለዋወጠ። ቀጭን ናት። እኔም እዚሁ ሚዛን ላይ ወጥቼ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ ብዬ ምሳ ካቆምኩ ቆየሁ አለች። ይሄንን የተናገረችው ሳታስበው ነው፤ እህትየው ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ግድግዳው ዞረች።

በዚህ መሃል ቀዶ ሐኪሙ ገባ። ነገሩን ሰማ፣ ብረቱን አየ፣ ራሱ አስቀምጦ አነበበ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አፍሮ ይቅርታ ጠየቃት። ሊያጽናናት ብሎ ግን ያልጠየቀችውን ነገር ነገራት። እሱ በእርግጥ የሚፈልገው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቀለል ያለ ምግብ እንዲበላ ነው፤ ያኔ ጉበት ያንስና ለእጁ ይመቸዋል። ለወራት ኪሎ ቀንሶ የመጣ ሰው በኋላ የተሻለ ይሆናል የሚለው ግን በደንብ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ አንዱ ጥናት ይጠቅማል ይላል፣ ሌላው ልዩነት የለውም ይላል። አንድ አሥረኛ ይቀነስ የሚለውን መመሪያ ያወጣው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ወረፋው ሲበዛ ቁርጠኛውን ለመለየት።

ሚዛነኛዋ ቀና ብላ አየችው።

«ታዲያ ስትመዝኑኝ የከረማችሁት ጉበቴን ነው ወይስ ጠባዬን፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ የቀጠሮ ደብተሩን አውጥቶ፣ በሚመጣው ወር አጋማሽ ብሎ ስሟን ጻፈ። ያቺ የተንከራተተችላት ቀን በአንድ መስመር እንደ ዋዛ ተጻፈች። ዓይኗ ተረፈ ማለት ነው። እህቷ እጇን ጨበጠቻት። ሐኪሙ ሚዛኑን ዛሬውኑ እንደሚያስነሱት ቃል ገባ፤ ነገሩም እዚሁ ቢያልቅ ደስ እንደሚለው ፊቱ ይናገር ነበር።

እሷ ግን አልተነሳችም።

«አዲሱ ሚዛን ከገባ ጀምሮ የመለሳችኋቸውን ሰዎች መዝገብ አምጡልኝ» አለች።

ነርሷ ሐኪሙን አየች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። መዝገቡ መጣ። ነርሷ የእያንዳንዱን ኪሎ እያነበበች፣ ሚዛነኛዋ በቃሏ እያሰላች፣ አንድ በአንድ ወረዱ። ይሄ ገብቶ ነበር። ይቺ ገብታ ነበር። ይሄ ገና ነው። ይቺ ገብታ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ከተመለሱት ሠላሳ አንድ ሰዎች አሥራ ዘጠኙ ገብተው ነበር። ነርሷ መሃል ላይ ማልቀስ ጀመረች፣ ግን ማንበቧን አላቋረጠችም።

ሹፌሩ ጋ ደረሱ። መቶ አርባ ዘጠኝ የተባለው መቶ አርባ ሦስት ነበር። ለመጨረሻው ምዘና በተቀጠረበት ቀን ግን አልመጣም፤ ጎኑ ላይ «ቀረ» ተብሎ ተጽፏል።

ነርሷ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ደወለች። ሚስቱ ናት ያነሳችው። ውሃ ትቶ ቤት ውስጥ መውደቁን፣ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ሌላ ሆስፒታል መተኛቱን፣ ከሳምንት በላይ ዓይኑን አለመግለጡን ነገረቻት። ከዚያ ከየት እንደተደወለ ስትሰማ፣ ጉጉት ባለው ድምፅ ጠየቀች።

«ኪሎው ወረደለት ልትሉኝ ነው?»

ሚዛነኛዋ ስልኩን ከነርሷ እጅ ተቀበለች።

«ወርዶለት ነበር፣ እህቴ» አለች። «ከወር በፊት ወርዶለት ነበር።»