ሁለት ቀኝ እግር

ሀመልማል ከሙስካቱ የሲብ ሰፈር እስከ ማትራህ አውቶቡሱ ውስጥ በንዴት ስትነድ ነው የመጣችው። ዛሬ ጁምዓ፣ የእረፍት ቀኗ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ፀጉር ቤት ውስጥ ቆማ የምትውልበትን እግሯን ዘርግታ ትተኛ ነበር። ዛሬ ግን እንቅልፍ በየት በኩል ይምጣ! ስልኳን ትከፍታለች፣ ፎቶውን ታያለች፣ ትዘጋለች፤ ደግማ ትከፍታለች። በአፏ የምታነበንበውን ስትሰማ አጠገቧ የነበረችው ሴትዮ ተነስታ ቦታ ቀየረች።

ፎቶው የቤተሰብ ፎቶ ነው። ባል ወታደር ሆኖ ካምፕ፣ ሚስት ፀጉር ሠሪ ሆና ሙስካት፣ ልጅ አዳማ ከአክስቷ ዘንድ ከሆነ፣ ሦስቱን አንድ ምንጣፍ ላይ የሚያቆማቸው ከማትራህ ገበያ ጀርባ ፎቶ ቤት ያለው ቸርነት ነው። ሁሉም ባለበት ሆኖ ይነሳል። ቸርነት በስልክ «ዘንበል በል፣ ለሚስትህ ቦታ ተውላት» እያለ ያዛል፤ ከዚያ ቆርጦ ያገጣጥማቸዋል። ሳይጠየቅ ፏፏቴም ይጨምርበታል። የወታደር ሚስት ሁሉ የምታውቀው ሰው ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጅቷ ናት። «እማዬ፣ እኛ ለምን አንድ ላይ የተነሳነው የለም?» አለች ልድያ በስልክ። ይኼን ሰምቶ ዝም የሚል ወላጅ የለም። አባቷ ፍፁም ግን ፎቶውን ለሚስቱ አልልክም አለ። «ኔትወርኩ አስቸጋሪ ነው፤ በቀጥታ ለቸርነት እልካለሁ።» ለቸርነት ሲሆን የሚሠራ ለሚስት ሲሆን የሚጠፋ ምን የሚሉት ኔትወርክ ነው? ሰውየው በቪዲዮ መደወል ካቆመ ክረምቱ አልፏል። አንዴ ካሜራው ተሰበረ፣ አንዴ ጨለማ ነው፣ አንዴ አዛዡ አይፈቅድም። አብራት የምትሠራውና የምትኖረው ትብለጥ «ኻላስ፣ በቃ፣ ሌላ ሴት ይዟል» ብላ ፈርዳበታለች። ሀመልማል በአፏ ብትቆጣትም ሆዷ ከሻከረ ሰንብቷል።

ዛሬ ጠዋት ፎቶው ተጠናቆ መጣ። ፍፁም ዩኒፎርሙን ለብሶ መሀል ቆሟል፤ ልድያ ከፊቱ፣ ሀመልማል ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳ በቀኙ። «ውይ፣ ሲያምር!» አለች ትብለጥ። ሀመልማል ግን ቀኑን ሙሉ ሰውን በመስታወት ውስጥ ስታይ የምትውል ሴት ናት። የፍፁምን ከስክስ ጫማ አየች። ቀኙ በውጭ በኩል ተልጧል። ግራውም በውጭ በኩል ተልጧል፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ በእኩል መጠን። የማሰሪያው አወዳደቅ፣ የሱሪው ጭምድድ፣ ሁሉም ያው ነው። ቸርነት አንዱን እግር ገልብጦ ደግሞታል! ታዲያ በግራ በኩል የነበረው ምንድን ነው? ሴት ናት እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! ተለጥፋበት ስትነሳ ቀሚሷ እግሩን ሸፍኖት፣ ቸርነት እሷን ሲቆርጥ እግሩም አብሮ ሄዶ ነው። ሀመልማል ይኼን አስባ ነው አውቶቡስ የተሳፈረችው።

የሱቁን በር በርግዳ ገባች።

«የቆረጥካትን ሴት አሳየኝ!»

ቸርነት መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። «ሀመልማልዬ፣ ምነው በደህና? የምን ሴት?»

«አትቀልድብኝ! ከባሌ ጎን የቆመችውን! እሱ የላከልህን ፎቶ ክፈት፤ ያላ!»

«አደራ አለብኝ እኮ...»

«አደራህን ብላው! ትከፍታለህ ወይስ ይኼን ኮምፒውተር አውጥቼ መንገድ ላይ ልከስክሰው?»

ቸርነት አንገቱን ደፋ። «በልጆቼ እምልልሻለሁ፣ ሴት የለችም።»

«ክፈት ብዬሃለሁ!»

ከፈተው። እውነትም ሴት አልነበረችም። ፍፁም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በግራ ብብቱ ስር ክራንች አለ። የግራ ሱሪው ከጉልበቱ በላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ዩኒፎርሙም ተተኩሷል።

ሀመልማል ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

«ደውሎ ለመነኝ» አለ ቸርነት ቀስ ብሎ። «‹ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ እንዴት ትችለዋለች? እባክህ እግር ቀጥልልኝ› አለኝ። እያለቀሰ ነበር። ምን ልበለው?»

ዋናው ንዴት የመጣው ያኔ ነው።

«እንዴት ትችለዋለች? የሰው አገሩን፣ የሰው ፊቱን፣ ልጄን ሳላቅፍ ማደሩን ማን ቻለልኝ? እሱ ቁስሉን ይዞ ተኝቶ እኔ እዚህ ባሌን ሳማ ልክረም? ‹ማን ጋ ሆነህ ነው› እያልኩ ስንቴ ስልክ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት! እንዲያውም አላስተባበለም እኮ! ሴት አለው ብዬ ባስብ ይሻለዋል? እኔን እንዲህ ነው የሚያውቀኝ?»

ቸርነት ውኃ አቀረበላት። አላየችውም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ ነው።

«የቀጠልክለትን እግር አውጣው» አለችው።

«ልድያስ? ልጅ እኮ ናት፤ ትደነግጣለች።»

«አባቷ ነው! ልድያም ትወቀው።»

ቸርነት እግሩን አጠፋው። ክራንቹንና የታጠፈውን ሱሪ መለሰ።

«እኔን ደግሞ ከቀኙ አንሳና ወደ ግራው አምጣኝ። ወደ ጎደለው በኩል።» ወገቧን ይዛ ከቸርነት ጀርባ ቆመች። «ጠጋ አድርገኝ። አሁንም ጠጋ!»

«ከዚህ በላይ ከተጠጋሽ ክራንቹን ትሸፍኚዋለሽ።»

«ልሸፍነው! ይኼን ፏፏቴህንም አጥፋልኝ፤ ማን ውኃ ጠየቀህ?»

ፎቶውን ያለ አንዲት ቃል ለፍፁም ላከችው። ማየቱን ስልኳ ነገራት። ከዚያ ጥሪው መጣ፤ ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቪዲዮ። ሀመልማል ስልኩን እያየች እንዲጮህ ተወችው። ትንሽ ይጠብቅ፤ እሷም ስትጠብቅ ከርማለች። ሊቋረጥ ሲል አነሳችው።

ስክሪኑን የሞላው ፊቱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ይዞታል።

«ሀሙዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል! ፊትህን አውቀዋለሁ» አለችው። «ካሜራውን ዝቅ አድርገው።»